በምርመራ ምክንያቱ የማይታይ የሆድ ሕመም እና የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ድርሻ

የሆድ ሕመም ሰዎችን ወደ ጤና ተቋም ከሚያመጡ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙ ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዶችም ለዓመታት ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥና ድርቀት እየተፈራረቀባቸው ይኖራሉ። የሰገራና የደም ምርመራ ያደርጋሉ፤ ከፍ ሲልም ጨጓራቸውንና አንጀታቸውን በመሣሪያ ይታያሉ። ውጤቱ ግን «ምንም አልተገኘም» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ታካሚውን ለሁለት ችግር ሊዳርገው ይችላል። በአንድ በኩል ሕመሙን የሚያምንለት ሰው ያጣል። በሌላ በኩል ያልተገኘውን ጀርም ፍለጋ ከተቋም ወደ ተቋም እየተዘዋወረ አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ ይወስዳል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሕመም ከምን እንደሚመነጭ፣ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በውስጡ ምን ድርሻ እንዳለው፣ መቼ ፈጥኖ መመርመር እንደሚያስፈልግና ምን ዓይነት ሕክምና እንዳለ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።

የአሠራር መዛባት ሕመም ማለት ምን ማለት ነው?

የምግብ መፍጫ አካላት በሁለት መንገድ ሊታመሙ ይችላሉ። አንዱ በአካሉ ላይ የሚታይ ጉዳት ሲደርስ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የአንጀት ቲቢና ዕጢ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሌላው የአካሉ ቅርጽ ደኅና ሆኖ ሳለ አሠራሩ ሲዛባ ነው። አንጀት ከሚገባው በላይ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ በአንጀትና በአእምሮ መካከል መልእክት የሚያመላልሱት ነርቮችም ተራውን እንቅስቃሴ እንደ ሕመም ያስተላልፋሉ። ይህ ሁለተኛው የአሠራር መዛባት ሕመም ይባላል። ባለሙያዎች በአሁኑ ጊዜ የአንጀትና የአእምሮ ግንኙነት መዛባት ብለው ይጠሩታል።

ከእነዚህ ሕመሞች መካከል ሁለቱ በስፋት ይታወቃሉ፦

• የአንጀት ቁጡነት፦ በሕክምናው ዓለም አይቢኤስ በሚል አሕጽሮት ይጠራል። ላለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሆድ ሕመም ሲኖር የሚታሰብ ነው። ሕመሙ ሲጸዳዱ የሚቀንስ ወይም የሚብስ መሆኑ፣ የመጸዳዳት ድግግሞሽ መለወጡ እና ሰገራው መቅጠኑ ወይም መድረቁ ዋና መለያዎቹ ናቸው፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መታየት አለባቸው። ሕመሙ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር ሊሆነው ይገባል።

• የጨጓራ የአሠራር መዛባት፦ ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ ከምግብ በኋላ የሚቆይ የመክበድ ስሜት፣ በላይኛው የሆድ ክፍል ሕመም ወይም ማቃጠል ይታይበታል። በአገራችን በተለምዶ «ጨጓራ አለብኝ» ከሚሉ ሰዎች መካከል የተወሰኑት ቁስለት ሳይኖርባቸው በዚህ ሕመም የሚቸገሩ ናቸው።

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። በ33 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኢንተርኔት የቀረበላቸውን መጠይቅ ከሞሉት ሰዎች መካከል ከ10ሩ 4ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት የአሠራር መዛባት ምልክት ነበረባቸው።

አንጀት እና የበሽታ መከላከያ ሥርዓት

አንጀት በየዕለቱ ከውጭ የሚመጣ ምግብንና መጠጥን፣ ከእነርሱም ጋር ልዩ ልዩ ተሕዋስያንን ያስተናግዳል። ይህን ሁሉ ከተቀረው ሰውነት የሚለየው የውስጥ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ረድፍ ሕዋሳት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ራሱን ያድሳል። ሽፋኑን ከላይ ዝልግልግ ፈሳሽ ይጠብቀዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በብዛት ይገኛሉ። 

እነዚህ ሕዋሳት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ኃላፊነቶች አሉባቸው። የመጀመሪያው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለይቶ ማጥቃት ነው። ሁለተኛው የምንበላውን ምግብና በአንጀት የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንደ ጠላት ሳይቆጥሩ ማሳለፍ ነው። ጤናማ አንጀት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛኑን ይጠብቃል። ሚዛኑ ሲናጋ፣ ጀርሙ ከጠፋ በኋላም ቢሆን የመከላከያ ሥርዓቱ በንቃት ላይ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት ያገኙት ማስት ሴል የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ሂስታሚንንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። የአንጀት ቁጡነት ካለባቸው ሰዎች መካከል በተወሰኑት ላይ ማስት ሴሎች ከነርቮች አጠገብ በብዛት ተገኝተዋል፤ ለነርቭ ይበልጥ በቀረቡ መጠንም የሚሰማው ሕመም ሲበረታ ታይቷል። ከሕዋሳቱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ነርቮችን ስሜታዊ ያደርጋል። በዚህም ምክንያት ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጥቂት ጋዝ ወይም ተራ የአንጀት መኮማተር ለታካሚው ቁርጠት ይሆንበታል።

ይህ ለውጥ በዓይን የሚታይ ቁስለት ወይም መቅላት አያስከትልም። በሰገራ ምርመራም ሆነ በኢንዶስኮፒ አይገኝም፤ የታወቀው ተመራማሪዎች ከአንጀት ሽፋን ናሙና ወስደው በልዩ ዘዴ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ነው። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ውጤት ቁስለት፣ ዕጢ ወይም ጀርም እንዳልታየ የሚያስረዳ እንጂ ሕመም የለም ማለት አይደለም።

ከአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ የሚቀር ሕመም

የመከላከያ ሥርዓቱን ድርሻ ጎልቶ የሚያሳየው ከኢንፌክሽን በኋላ የሚከሰተው የአንጀት ቁጡነት ነው። በአንጀት ኢንፌክሽን ከታመሙ 10 ሰዎች መካከል በግምት በ1ዱ ላይ ጀርሙ ከጠፋ በኋላ ሕመሙ ይቀጥላል። ይህን በግልጽ ያሳዩ ሁለት ክስተቶች በሌሎች አገሮች ደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ዎከርተን በተባለች ከተማ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የእንስሳት ፍግ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ገባ። ኢ. ኮላይ እና ካምፒሎባክተር በተባሉ ባክቴሪያዎች ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሰዎችም ሞቱ። ነዋሪዎቹ ከ2 እስከ 3 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ሕመሙ ተረጋግጦባቸው ከነበሩት ከ100 ሰዎች 36ቱ ያህል የአንጀት ቁጡነት ነበረባቸው። ካልታመሙት ነዋሪዎች መካከል ግን ቁጥሩ ከ100 ሰዎች 10 ያህል ብቻ ነበር። ከ8 ዓመት በኋላ በታመሙት ላይ የነበረው መጠን ከ100 ወደ 15 ገደማ ወርዷል። ይህም ሕመሙ በብዙ ሰዎች ላይ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በኖርዌይ የበርገን ከተማ የመጠጥ ውሃ በጃርዲያ ተበከለ። ከ3 ዓመት በኋላ በጃርዲያ ከታመሙት መካከል 46 በመቶ ያህሉ፣ ካልታመሙት መካከል ደግሞ 14 በመቶ ያህሉ የአንጀት ቁጡነት ምልክት አሳይተዋል። ጃርዲያ በአገራችን በስፋት የሚታወቅ ጥገኛ ተሕዋስ እንደመሆኑ፣ ይህ ግኝት ለእኛም ትርጉም አለው። ጃርዲያ ታክሞ ከጠፋ በኋላ ሆዱ የሚያስቸግረው ሰው ሁልጊዜ እንደገና በጃርዲያ ተይዟል ማለት አይቻልም።

ምግብ ሆድን የሚያውክበት ምክንያት

ብዙ ታካሚዎች ቀድሞ የሚስማማቸው ምግብ ከታመሙ በኋላ እንደማይስማማቸው ይናገራሉ። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ አንድ ማብራሪያ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ አይጦችን በአንጀት ባክቴሪያ አስይዘው በዚያው ጊዜ አንድ የምግብ ፕሮቲን መገቧቸው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ አይጦቹ ያንኑ ፕሮቲን ሲበሉ ማስት ሴሎቻቸው ነቅተው ሕመም ፈጠሩ። በኢንፌክሽኑ ወቅት የመከላከያ ሥርዓቱ ምግቡንም ከጠላት ጋር ደምሮ መዝግቦት ነበር ማለት ነው።

በሰዎች ላይ በተደረገው የጥናቱ ክፍል፣ የአንጀት ቁጡነት ላለባቸው 12 ሰዎች የአኩሪ አተር፣ የስንዴ፣ የግሉተንና የወተት ንጥረ ነገር በትንሽ መጠን በታችኛው የአንጀት ሽፋን ውስጥ ተወጋላቸው። በ12ቱም ላይ ቢያንስ ለአንዱ ንጥረ ነገር የእብጠት ምላሽ ታየ፤ ከ8 ጤነኞች መካከል ግን ምላሹ የታየው በ2ቱ ላይ ብቻ ነበር። ምላሹ በአንጀት ሽፋን ላይ የተወሰነ በመሆኑ በቆዳ ወይም በደም በሚደረግ የአለርጂ ምርመራ ላይታይ ይችላል። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ውጤቱን ለሁሉም ታካሚ እንደሚሠራ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

በላይኛው የሆድ ክፍል ሕመም ላይም ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። የጨጓራ የአሠራር መዛባት ካለባቸው ሰዎች መካከል በተወሰኑት ላይ ኢኦሲኖፊል የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ በዝተው ተገኝተዋል። ይህም በተለይ ጥቂት በልተው ከሚጠግቡት ታካሚዎች ጋር ተያይዞ ተገልጿል።

ጭንቀትስ ምን ድርሻ አለው?

አእምሮ፣ ነርቭና የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ማስት ሴሎችን ሊያነቁ፣ የአንጀትንም እንቅስቃሴ ሊለውጡ ይችላሉ። በአንጀት ያለው ሕመም ደግሞ በተራው እንቅልፍንና መንፈስን ያውካል። በመሆኑም ታካሚውን «ጭንቀት ነው፤ ተወው» ማለት ተገቢ አይደለም። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብስ መቻሉ ሕመሙን የፈጠራ አያደርገውም።

በስህተት እንዳይተረጎም

የመከላከያ ሥርዓቱ ድርሻ አለው ሲባል የሚከተሉት ነጥቦች በሚገባ መታወቅ አለባቸው፦

• ታካሚው የበሽታ መከላከል አቅሙ ተዳክሟል ማለት አይደለም። ሁኔታው ከኤችአይቪ ጋር አይገናኝም። «የመከላከል አቅም ይጨምራሉ» ተብለው የሚሸጡ ምርቶችም የዚህ ሕመም መድኃኒት አይደሉም።

• ሕመሙ ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ከተባሉት የአንጀት መቆጣት በሽታዎች የተለየ ነው። እነዚያ አንጀትን ያቆስላሉ፤ ይህ ግን አያቆስልም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

• የመከላከያ ሥርዓትን በኃይል የሚያዳክሙ መድኃኒቶች አይመከሩም። ፕሬድኒሶሎን ከኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የአንጀት ቁጡነት ላይ ተሞክሮ ምልክቱን አላሻለም። ሜሳላዚን የተባለው መድኃኒትም በትልልቅ ሙከራዎች የሚጠበቀውን ጥቅም አላሳየም። የሂስታሚንን ሥራ የሚገቱ የአለርጂ መድኃኒቶች እየተጠኑ ነው፤ እስካሁን የታየው ጥቅም ግን መጠነኛ ስለሆነ በራስ ፈቃድ መውሰድ አይገባም።

• በሁሉም ታካሚ ላይ የመከላከያ ሕዋሳት ለውጥ አይገኝም። የነርቭ ስሜታዊነት፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ለውጥ፣ አመጋገብና የኑሮ ጫናም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ የሚያስከትለው ጉዳት

ሆድ ባመመ ቁጥር «አሜባ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» በሚል ግምት ሜትሮኒዳዞል፣ ቲኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ጎጂ ልማድ ነው። ጀርም በሌለበት የሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይጎዳል፤ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች እንዲበዙም ያደርጋል። በኢንፌክሽን ወቅት ፀረ ተሕዋስያን መውሰድ በኋላ ለሚመጣ የአንጀት ቁጡነት ከፍ ካለ ተጋላጭነት ጋር ተያይዞም ተገኝቷል። ታይፎይድን ለመለየት የሚደረገው ዊዳል የተባለ የደም ምርመራም ቀደም ሲል በነበረ ኢንፌክሽን ወይም ክትባት ምክንያት «አለ» የሚል ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጀርም መኖሩ በምርመራ ተረጋግጦ መድኃኒት ከታዘዘ፣ በታዘዘው መጠንና ጊዜ መጨረስ ግዴታ ነው።

ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባዎት መቼ ነው?

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ካለ፣ ሕመሙን የአሠራር መዛባት ነው ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው፦

• በሰገራ ላይ ደም መታየት ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር
• ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ
• የማይለቅ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ
• የደም ማነስ
• ምግብ ለመዋጥ መቸገር ወይም ተደጋጋሚ ትውከት
• ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ሕመም
• በሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን
• ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጀመሩ
• በቅርብ የሥጋ ዘመድ ላይ የአንጀት ካንሰር ወይም የአንጀት መቆጣት በሽታ መኖሩ

ድንገተኛና ኃይለኛ የሆድ ሕመም ሲከሰት፣ ሆድ ሲደነድን፣ ወይም ጋዝም ሰገራም መውጣት ሲያቆም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ባለሙያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያዎንና የሪፈር ወረቀትዎን ይያዙ። ለባለሙያው የሚከተሉትን ይዘው ቢቀርቡ ምርመራው ይቀላል፦

• ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በተለይም ከተቅማጥ ወይም ከምግብ መመረዝ በኋላ መሆኑንና አለመሆኑን፤
• የሁለት ሳምንት ማስታወሻ፣ ማለትም የበሉትን፣ ሕመሙ የተሰማዎትን ሰዓትና የሰገራውን ሁኔታ፤
• ከዚህ በፊት የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የምርመራ ውጤቶች። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ስለሚጎዱ እነርሱንም መጥቀስ አይርሱ።

ባለሙያው እንደ ሁኔታው የሰገራ፣ የደም ማነስ፣ የኤች. ፓይሎሪ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ኤች. ፓይሎሪ ከተገኘ አስቀድሞ መታከም አለበት። አስፈላጊው ምርመራ አንድ ጊዜ በአግባቡ ከተደረገና አስጊ ምልክት ከሌለ፣ ያንኑ ምርመራ በየጊዜው መደጋገም ጥቅም የለውም።

ሕክምናና ራስን መንከባከብ

ሕክምናው የሚጀምረው ታካሚው የሕመሙን ምንነት ከመረዳቱ ነው። ከዚያም የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• በሰዓቱ፣ ጥቂት ጥቂት መመገብ፤ ከጾም በኋላም በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት መቆጠብ።
• ቡናና ሻይ በቀን ከሦስት ስኒ እንዳይበልጥ ማድረግ፤ አልኮል፣ ለስላሳ መጠጥና የሚያባብስ ከሆነ በርበሬና ሚጥሚጣን መቀነስ።
• ለሚነፋቸውና ድርቀት ላለባቸው በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከበቂ ውሃ ጋር መውሰድ። የስንዴ ፉርሽካ ግን መነፋትን ሊያብስ ይችላል።
• ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና እንደ ሽሮና ምስር ያሉ ጥራጥሬዎች በአንጀት ውስጥ ጋዝ የሚፈጥር ስኳር አላቸው። በባለሙያ ምክር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያውክ መለየት ይቻላል። ሁሉንም ለረጅም ጊዜ ማቆም ግን ለምግብ እጥረት ስለሚዳርግ አይመከርም፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ለቀነሰ ሰዎችም ያለ ባለሙያ ክትትል አይፈቀድም።
• አዘውትሮ በእግር መጓዝ፣ በቂ እንቅልፍና ጭንቀትን የሚቀንስ የሥነ ልቦና ምክር።
• በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች፤ እነዚህም የቁርጠት ማስታገሻ፣ የተቅማጥ መግቻ ወይም ማለስለሻ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው መድኃኒት ለድባቴ የሚሰጥ ቢሆንም በአነስተኛ መጠን የአንጀት ነርቮችን ያረጋጋል፤ ስለዚህ ቢታዘዝልዎ «እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ታየሁ» ብለው ሊያዝኑ አይገባም።

መከላከል

ሕመሙ በአንጀት ኢንፌክሽን ሊጀምር ስለሚችል፣ ኢንፌክሽንን መከላከል የረጅም ጊዜ የሆድ ሕመምንም መከላከል ነው። የመጠጥ ውሃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት፣ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥሬ ሥጋን አለመመገብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብና መጸዳጃ ቤትን በአግባቡ መጠቀም ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ተቅማጥ ሲይዝ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርን በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ለሕፃናት ደግሞ ዚንክ በባለሙያ ትእዛዝ መስጠት ይገባል። ደም ወይም ትኩሳት ካለው ተቅማጥ ጋር በቤት መቆየት አይገባም።

ማጠቃለያ

በምርመራ ምክንያቱ ያልታየ የሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። በተወሰኑ ታካሚዎች ላይ ሕመሙ የሚቀጥለው ጀርሙ ስላልጠፋ ሳይሆን፣ ጀርሙን የተዋጋው የመከላከያ ሥርዓት ከሥራው በኋላ ወደ ዕረፍቱ ስላልተመለሰ ነው። በመሆኑም ታካሚው አስጊ ምልክቶችን በንቃት እንዲከታተል፣ ፀረ ተሕዋስያንን በራሱ ፈቃድ ከመደጋገም እንዲቆጠብና ሕክምናውን በአንድ ጤና ተቋም በትዕግሥት እንዲከታተል ይመከራል። ቤተሰብም ሕመሙን ሳያቃልል ታካሚውን ሊደግፍ ይገባል።